ባለ ሦስት ድርብ መጠጥ በእንሰት ሥር

ሰው ከፈተና የሚወድቀው ሳያጠና ቀርቶ፣ ደንግጦ ወይም ፈታኙ ጠምዶት ነው። እኔ የወደቅኩት ጸልዬ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ይሳቅ፣ አሁን እኔም እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ከመመዘኛው አዳራሽ ወጥቼ ሆሳዕና ከተማ መሃል ለመሃል እያለቀስኩ ስሄድ፣ አንድ ባጃጅ ነጂ ሞት የደረሰብኝ መስሎት ሂሳብ ሳይቀበለኝ ነው ቤቴ ያደረሰኝ።

የተማርኩት የምግብና መጠጥ መስተንግዶ ነው። አባቴ ስመዘገብ መጠጥ ሲባል ሻይና ጭማቂ መስሎት ደስ ብሎት ነበር፤ እኔም ላስረዳው አልቸኮልኩም። ትምህርቱ ሲያልቅ ሲኦሲ የምንለው የብቃት ምዘና አለ። ትሪ መሸከሙን፣ ጠረጴዛ ማሰናዳቱን፣ ናፕኪን ማጠፉን ሁሉ በደንብ አለፍኩ። የመጨረሻው ሌየርድ ሾት ነበር። በአንዲት መለኪያ ውስጥ ሦስት ሊከር፣ ማለትም ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ፣ ሳይደባለቅ አንዱ ባንዱ ላይ ይቀመጣል፤ ከታች ጥቁሩ የቡና ሊከር፣ መሃል ነጣ ያለው የክሬም ሊከር፣ ከላይ የብርቱካኑ። በሥልጠናው ጊዜ ጠርሙሶቹ ውድ ስለነበሩ የሚቀዳው አሠልጣኛችን ብቻ ነበር፤ እኛ ሠርግ ላይ ካሜራ እንደሚያይ ልጅ ዙሪያውን ተንጠራርተን እናያለን። ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊከር የቀዳሁት ፈተናው ላይ ነው።

ግን ተሳካልኝ! ሦስቱም ድርብ ቁጭ አለ። መዛኙ ከሌላ ከተማ የመጣ ዝምተኛ ሰውዬ ነበር፤ ብድግ ብሎ አየና «ጥሩ፣ አሁን ለእንግዳው አቅርቢ» አለኝ። እኛ ቤት ውሃ እንኳ ሳይጸለይበት አይጠጣም። ጽዋ የሚመስል ነገር በእጄ ከገባ ሰውነቴ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። መለኪያዋን በሁለት እጄ አነሳሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አንገቴን ደፋሁ፣ «ጌታ ሆይ ባርከው» አልኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ዓይኔን ስገልጥ መለኪያው ውስጥ ያለው ወተት የበዛበት ሻይ ሆኗል።

መዛኙ ጎንበስ ብሎ መለኪያዋን አየ። «እህቴ፣» አለኝ፣ «ምን ብለሽ ነው የጸለይሽው? አንድ ይሁኑ ብለሽ ነው?»

ወረቀቱ ላይ «ገና ብቁ አይደለችም» ብሎ ጻፈ። «ገና» የምትለው ቃል ለማጽናናት የገባች ትመስለኛለች፤ እኔን ግን ይበልጥ አናደደችኝ። ያቺን አንድ ክፍል ከወር በኋላ መድገም እችላለሁ። ችግሩ፣ ከተማችን ውስጥ ሊከፈት የተሰናዳ አንድ ሆቴል ነበር፤ ሥራ አስኪያጇ «ከመከፈታችን በፊት ወረቀቱን ይዘሽ ከመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው፣ ካልመጣሽ ተራ የሚጠብቅ ሞልቷል» ብላኛለች። ከእኔ ጋር የጨረሱት ሁሉ ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ ሄደዋል። እኔ ከቤቴ እየተመላለስኩ መሥራት ነው የፈለግኩት። ስለዚህ ያለኝ አንድ ወር ነው፤ በዚያ ወር ውስጥ ደግሞ እጄ ሊከር መልመድ አለበት።

እዚህ ላይ አባቴን ላስተዋውቅ። አባቴ ከዶዮገና እስከ ሆመቾ ፊዚክስ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መጠጥ የማይፈቀድባት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ነው፤ እሑድ እሑድ ከፊት ቆሞ የዕለቱን ክፍል የሚያነበው እሱ ነበር። ሲያነብ ድምፁ ሌላ ድምፅ ይሆናል፣ ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይላል፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ ዝም ይላል። ስለ አልኮል የሚያውቀው በቤተ ሙከራ ውስጥ በአልኮል የሚነደውን መብራት ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ ያንን መብራት እንኳ የምትወደው አይመስለኝም።

ጠርሙሶቹን ሆሳዕና ውስጥ መግዛት የማይታሰብ ነበር። ግሮሰሪ በር ላይ ቆሜ ብታይ፣ እኔ ቤት ሳልደርስ ወሬው ደርሶ ሻይ ጠጥቶ ይጠብቀኛል። ስለዚህ አባቴ ያላስተማረበት ከተማ መረጥኩና በሚኒባስ ወደ አዲሎ ሄድኩ። አዲሎ የመንገድ ከተማ ናት፤ የሚወርደውም የሚሳፈረውም አላፊ ነው፣ ማንም ማንንም አያውቅም ብዬ ነው። ትልቅ ጥቁር መነጽር አደረግኩ። አንዲት ግሮሰሪ ገብቼ ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የለበሱትን ሦስት ጠርሙሶች አስወረድኩ።

ባለ ግሮሰሪው ሆዱ ገፋ ያለ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነበር። ጠርሙሶቹን በጨርቅ እየወለወለ «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

«ከዚህ አካባቢ አይደለሁም፣ ከወላይታ ነኝ» አልኩ።

«እህ። አፍንጫሽ ግን የቲቸር ነው።» ጎንበስ ብሎ ከመነጽሬ በታች አየኝ። «ይሄን አፍንጫ ዶዮገና ዘጠነኛ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆሞ አይቼዋለሁ። አይስተኝም።»

አፍንጫዬ ለካ እንደ መታወቂያ ያገለግላል። ከፍዬ፣ ጥቁሩን ፌስታል አቅፌ፣ የመጀመሪያውን መኪና ይዤ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ጠርሙሶቹ ጭኔ ላይ ቋ ቋ ሲሉ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ዘይት ነው ልጄ?» ሲሉኝ፣ እኔ አንገቴን ስነቀንቅ፣ በዚያው ሰዓት ባለ ግሮሰሪው ለአባቴ ደውሎ ኖሯል። የደወለውም በክፋት አይደለም። ጡረታ መውጣት ለሰው ከባድ መሆኑን የሚያውቅ ደግ ሰው ስለሆነ ነው።

አባቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ነይ ግቢ» አለኝ። «ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠጪ መሆኔን ዛሬ በስልክ ሰማሁ።»

«ምን?»

«አንድ ተማሪዬ ደወለ። ‹ቲቸር፣ ሰው ነዎት፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፤ እኛ ልጆችዎ አለንልዎት፤ ግን ልጅቷን አይላኳት› አለኝ። ምን እንደሚል ስላልገባኝ አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁት። አሁን ፌስታሉን ሳይ ገባኝ።»

እዚያው በር ላይ ፈነዳሁ። መውደቄን፣ ጸሎቱን፣ ሻይ የመሰለውን መለኪያ፣ ሆቴሉን፣ አዲሎን፣ ወላይታ ነኝ ማለቴን ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ አወራሁት። ጩኸቴን ሰምታ እናቴ ከጓዳ ወጣች። ፌስታሉን ከፈት አድርጋ አየች። እናቴ ስትረጋጋ አማርኛ ትናገራለች፤ ስትቆጣ ወደ ሃዲይኛ ትገባለች፣ ያን ጊዜ መልስ አይፈለግም። ከብዙ ንግግር በኋላ ፍርዷን በአማርኛ ሰጠች፦ «ይሄ ፌስታል የቤቴን ደፍ አያልፍም። ነግሬያለሁ።»

አባቴ ግን ያስብ ነበር። የጸሎቱን ጉዳይ የሚያስብ መስሎኝ ነበር።

«ሳይደባለቁ ነው የምትዪኝ?» አለ።

«አዎ አባዬ።»

«ሦስቱም ፈሳሽ?»

«ሦስቱም።»

«እንዴ!» መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ። «ዴንሲቲ ነዋ፤ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ! ታዲያ ይሄ መቼ መጠጥ ሆነ? ይሄ ሰባተኛ ክፍል ነው።»

የሽማግሌው ፊት ቀስ እያለ ሄዶ የፊዚክስ መምህሩ ፊት ሲመጣ ቆሜ አየሁት። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እንደዚያ ሲሆን አላየሁትም ነበር።

ሕግ አወጣ። ጠርሙሶቹ ቤት አይገቡም፤ ሥራው ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ይሆናል። ማንም አይቀምስም፣ ማንም አያሸትም፤ ለዚህም ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ ሁለታችንም እናደርጋለን። የመጠጦቹ ስም አይጠራም፤ ጽሑፋቸው ላይ ፕላስተር ለጥፎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ጻፈባቸው። ከዚያ ወዲያ እኛ ቤት «ፈሳሽ አንድ» እና «ፈሳሽ ሁለት» እንጂ ሊከር የሚባል ነገር አልነበረም። ድሮ ለማስጠናት ያመጣትን የተማሪ ዴስክ እንሰቶቹ መሃል አቆመና፣ እግሯ ስለተወላገደ ከጎረቤታችን ውሃ ልክ ተውሶ ከሥሯ ድንጋይ እየወተፈ አስተካከላት።

ጎረቤታችን የጭነት መኪና ያለው ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ውሃ ልኩን በአጥር ላይ ሲያቀብል ጠርሙሶቹን አየ። ለጥቂት ጊዜ ዓይኑን ከአባቴ ማስክ ወደ ጠርሙሶቹ፣ ከጠርሙሶቹ ወደ ማስኩ አመላለሰ።

«መምህር፣ እኛ ቤት አይገባም፣ እናንተም ቤት አይገባም» አለ። «ታዲያ ይሄ የማን ነው?»

«የትምህርት ሚኒስቴር ነው» አለ አባቴ፣ ፈገግ ብሎ። ከዚያ ቀልድ ውሸት እንዳይሆንበት ፈራና ሩብ ሰዓት ያህል እውነቱን አስረዳው። ሰውየው ሲሄድ ስለ ፈሳሽ ክብደት ከኔ የበለጠ ያውቅ ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት ጠርሙሶቹን አላስነካኝም። በማር፣ በወተትና በዘይት ነበር የምለማመደው። ማሩ ከታች፣ ወተቱ በማንኪያው ጀርባ ላይ እየተንሸራተተ መሃል፣ ዘይቱ ከላይ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር ሲታደል አርፍጄ የደረስኩ ሰው ነኝ። ወተቱ ማሩን በጠበጠው፤ ማንኪያውን ወረወርኩ። እንደገና በጠበጠው፤ መለኪያዋን ከዴስኳ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ሰበርኩ። አባቴ ስብርባሪውን እየለቀመ «ፈሳሽ ንዴት ያውቃል» ይለኛል። «እጅሽ ተናዶ ከቀዳ እሱም ተናዶ ይወርዳል። ትንፋሽሽን አትያዢ፤ እየለቀቅሽ ቅጂ።» እናቴ በጓዳው መስኮት እያየችን «ማሬን ጨረሳችሁት» ትላለች፣ ግን ማር አልከለከለችም።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ጠርሙሶቹ ገባን። የተበላሸውን ሁሉ የምንደፋው አንዲት እንሰት ሥር ነበር። እናቴ ይህን እንዳየች ያቺን እንሰት በቀይ ክር አሰረቻት፤ ለምን ብላት «የሷን ቆጮ የበላ ሰው እየዘፈነ ወደ ቤቱ ይገባል፣ እንድንለያት ነው» አለች። ሳቄን ማቆም አቃተኝና የያዝኩትን ፈሳሽ ሁለት እጅጌዬ ላይ ደፋሁት። ሹራቡ በሳሙና ታጥቦ፣ እንደገና ታጥቦ፣ ለሦስት ቀን ገመድ ላይ ተሰጥቶ ከረመ።

የጸሎቱ ጉዳይ ግን አባቴን አስቸገረው። ለመጠጥ መሳካት ይጸለያል ወይ? ሁለት ቀን አሰበበት፣ መጽሐፉን አገላበጠ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ውሳኔውን ነገረኝ፦ «ለእጅሽ እጸልያለሁ። ለፈሳሹ አልጸልይም። አንቺም የምትጸልዪውን ሳትቀጂ በፊት ጨርሺ፤ ከቀዳሽ በኋላ ዓይንሽን ብትጨፍኚ እኔ ነኝ የምጥልሽ።»

እጄ እየለመደ መጣ። ከአምስቱ ሦስቱ፣ ከዚያም አራቱ ቀጥ ብለው ይቆሙ ጀመር። አባቴ ዴስኳ ፊት በርከክ ብሎ፣ ዓይኑን ከመለኪያው ጋር አስተካክሎ ድርቦቹን ያያቸዋል፤ ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ወርቃማው፣ መሃላቸው በክር የተሰመረ ይመስላል። «ቆንጆ ነው እኮ» ይላል በማስኩ ውስጥ። ከዚያ ምን ማለቱ እንደሆነ ትዝ ይለዋል መሰል «ሳይንሱ ማለቴ ነው» ይላል።

ፈተናው አሥር ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ስለ ጣራው ሥራ አባቴን ሊያማክሩት መጡ። አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር። እናቴ በር ላይ ተቀበለቻቸው። እናቴ አትዋሽም፤ ግን እውነቱን በሙሉ ለመናገርም አልደፈረችም። «ጓሮ ነው ያለው፣ ግን አሁን አይመቸውም» አለቻቸው። ይህን እያለች ሳለ የአባቴ ድምፅ ከጓሮ መጣ፦ «ቀስ! ቀስ! ፈሳሽ ሦስትን በማንኪያው ጀርባ! ጎሽ የኔ ልጅ!» ሰዎቹ ታሞ የሚታከም መስሏቸው እየተቻኮሉ ዞረው መጡ።

ቀና ስል እንሰቶቹ መሃል ቆመዋል። ዴስኳ ላይ ሦስት ጠርሙስና አራት የተቀዳ መለኪያ አለ። አባቴ ማስክ አድርጎ፣ ሸሚዙን እስከ ክንዱ ሰብስቦ በርከክ እንዳለ ነው።

ረጅሙ ሽማግሌ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አያቸው። «መምህር፣» አለ በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ይሄ ጁስ ነው፣ አይደል?»

ሰውየው በር እየከፈተለት ነበር። አባቴ «አዎ» ቢል፣ ሁለቱም ጣራውን ተማክረው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለው ይሄዱ ነበር። እናቴ ከኋላቸው ቆማ አዎ በል እያለች በዓይኗ ትለምነው ነበር። እኔም በልቤ በል፣ በል፣ በል እያልኩ ነበር።

አባቴ ተነሳ፣ ማስኩን ወደ አገጩ አወረደ። «አይደለም። አልኮል ነው» አለ። «ልጄ ፈተና አለባት። የማስተምራት እኔ ነኝ።»

ከዚያ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ስለ ዴንሲቲ ያስረዳቸው ጀመር። አጭሩ ሽማግሌ ሳያስበው ጎንበስ ብሎ መለኪያዋን አየ። «ሳይቀላቀል እንዴት ቆመ?» አለ። ረጅሙ ክርኑን ያዘና ቀና አደረገው። ጣራው ሳይነሳ፣ ሻይም ሳይጠጡ ሄዱ።

«ጁስ ነው ብትል ምን ነበረበት?» ብዬ ጮህኩበት፣ ገና አጥሩን ሳያልፉ።

«ጁስ ነው ብል ረጅሙ ያነሳና ይጠጣው ነበር» አለ። «ጁስ ይወዳል።»

በሳምንቱ መሃል ለሽማግሌዎች ስብሰባ ሄዶ ተመለሰ። ኮቱን ሰቀለ፣ ምንም አልነገረንም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ከእኛ ጋር ወደ ኋላ መጣ። እኔና እናቴ በር አጠገብ ካለው የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የምንቀመጠው። እናቴ አየችው፤ ወዲያው ገባት። እኔም ገባኝ፤ ከንባቡ አግደውታል። ከፊት ሌላ ሰው ተነስቶ አነበበ። ያነበበው የብሉይ ኪዳን ስሞች የበዙበት ክፍል ነበርና ሰውየው በየስሙ ይደናቀፋል። አባቴ አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ እያንዳንዱን ስም በከንፈሩ በትክክል ይለው ነበር። በዚያን ሰዓት ከማንም በላይ ራሴን ጠላሁ።

እናቴ ጠጋ አለችለት፣ የመዝሙር መጽሐፏን ጭኑና ጭኗ ላይ ዘርግታ አስቀመጠች። ከሰዓት በኋላ እቤት ስንደርስ እኔ ጓሮ ለመውጣት አልፈለግኩም ነበር። እሷ ራሷ ወጣች፣ ጥቁሩን ፌስታል አንጠልጥላ ተመለሰች፣ ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ዱብ አደረገችው።

«ዝናብ ሊመጣ ነው» አለች በቁጣ። «ዕቃችሁ ይረጥባል።»

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አባቴና እኔ ተያየን፣ ማስካችንን አጠለቅን።

ፈተናው ላይ ያው መዛኝ መጣ። እንዳየኝ አወቀኝ፤ እንደኔ ያለ ተፈታኝ አይረሳም መቼም። ፈሳሽ አንድን ቀዳሁ። ማንኪያዬን አስጠጋሁ፣ ትንፋሼን ቀስ ብዬ እየለቀቅኩ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ድርቦቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። በአንድ እጄ ትሪ ላይ አኖርኳት፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣ ሳላርገበግብ፣ እስከ ጠረጴዛው ወሰድኳት።

«ዛሬ አትጸልዪም?» አለኝ መዛኙ።

«አባቴ ቤት ሆኖ እየጸለየ ነው» አልኩት። «ለእጄ ብቻ ነው ግን።»

ወረቀቱ ላይ «ብቁ» ብሎ ጻፈ። ከዚያች ቃል የበለጠ አጭርና ቆንጆ ቃል አማርኛ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሆቴሉ በተከፈተ ቀን ነጭ ሸሚዝና ቀይ ቢራቢሮ ክራቫት አድርጌ ባንኮኒው ኋላ ቆሜ ነበር።

አባቴም ከፈተናው በኋላ ወደ ቦታው የሚመለስ መስሎኝ ነበር። አልተመለሰም። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደገና መጡ፤ በዚህኛው ጊዜ ሳሎን ተቀምጠው ሻይም ጠጡ። ረጅሙ በጣም ያፍር ነበር። መምህር አንድ እሑድ ምእመናን ፊት ቆሞ ተሳስቻለሁ ቢል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ማንበብ ይችላል አሉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሁሉም ይወደዋል፣ ንባቡም ተበላሽቷል።

«ንባቡስ እውነት ተበላሽቷል» አለ አባቴ። «ግን ልጄን አስተማርኩ እንጂ አልተሳሳትኩም። ሳልሳሳት ተሳስቻለሁ ብል እዚያ ቆሜ እዋሻለሁ።»

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ፊቱ ቆምኩ። ሥራውን እለቃለሁ አልኩት። ከልቤ ነበር። ሌላ ሥራ አይጠፋም፣ ሱቅ እገባለሁ፣ አንተ ግን ወደ ፊት ተመለስ፣ እኔ አንተን ከኋላ ወንበር ላይ ማየት አልችልም አልኩት፤ እንባዬ አላስጨረሰኝም።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

«ስንቱን ተማሪ ወድቀሃል ብዬ ልኬያለሁ» አለ። «ወድቀሃል እልና የሚቀጥለውን ወረቀት አነሳለሁ። አንዱንም ቤቱ ሄጄ አላስጠናሁም። ያንቺን ወረቀት ሳይ ግን ወደሚቀጥለው ማለፍ አቃተኝ። አሁን ሥራ ልልቀቅ ትይኛለሽ፤ ማሩ ሁሉ ያለቀው እኮ እንድትለቂ አይደለም።»

እናቴ ከጓዳ «የኔ ማር ነው ያለቀው» አለች።

ስለዚህ አልለቀቅኩም። የእሑዱ ፈረቃዬ የሚጀምረው ስብከቱ ሳያልቅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭራሽ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፤ ሰበብ እየፈለግኩ ቀረሁ። አንድ እሑድ አባቴ «የደንብ ልብስሽን ለብሰሽ ነይ፣ ከዚያው ትሄጃለሽ» አለኝና ሄድኩ። ክራቫቱን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ አባቴን ወደ በሩ በኩል አድርጌ፣ ከእሱ ወዲያ ተቀመጥኩ። ሰዓቴ ሲደርስ ለመውጣት በእሱ ጉልበት ፊት ማለፍ ነበረብኝ። ማንም ሳያይ ልሹለክ ብዬ ጎንበስ እንዳልኩ ነጠላዬ ወንበሩ ላይ ተያዘና ወደቀ። ቀዩ ክራቫት ወጣ። ከፊታችን ያሉት ሁሉ ዞሩ፤ ረጅሙ ሽማግሌም ከፊት ወንበሩ አንገቱን መለስ አደረገ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባቴ ጉልበቱን ሰብሰብ ቢያደርግ ይበቃ ነበር። እሱ ግን ሙሉ በሙሉ ተነሳ። ቁመቱ የኋላውን ግድግዳ ሞላው። ሰባኪው ዝም አለ። አባቴ ነጠላዬን አንስቶ አጣጠፈና ለእናቴ ሰጣት፣ የተጣመመውን ክራቫቴን በሁለት እጁ ቀጥ አደረገልኝ፣ ከዚያ ሲያነብ በሚያነብበት በዚያ ድምፁ፣ ከፊት እስከ ኋላ በሚሰማው፣

«ሂጂ ልጄ፣ እንዳታረፍጂ» አለኝ።